እሳትና ውኃ በአንድ ዕቃ ውስጥ

ዘመናቸውን ሁሉ ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን በዕድሜ ምክንያት ከጉባኤ የተገለሉ አንድ መሪጌታ፥ በልጅነቷ ፊደልና ዳዊት ካስቈጠሯት፥ ዛሬ ግን በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ዐለት እያቀለጠች ጥልቀተ ምድርን ከምትመረምር ሴት ጋራ ያደረጉት ምልልስ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

መሪጌታ፡- ልጄ፥ ጎረቤቱ ሁሉ «ያቺ ልጅ በሰው አገር ምን ትሠራለች?» እያለ ሲጠይቀኝ «ድንጋይ ትቀቅላለች» ከማለት በቀር የምመልሰው አላገኘሁም፤ ሰዎቹም እኔን እንደ ቀልደኛ፥ አንቺንም እንደ ሥራ ፈት እየቈጠሩ ሲስቁ ሰንብተዋልና፥ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ አስረጂኝ።

ተማሪዋ፡- የኔታ፥ የሰጡት መልስ ከእውነት ብዙ የራቀ አይደለም። ሥራዬ፥ ከእግራችን በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ወርዶ ያለውን ሙቀትና ግፊት በአንድ የብረት ዕቃ ውስጥ አዘጋጅቼ፥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የድንጋይ ዱቄት በዚያ ውስጥ አኑሬ፥ በስንት ዲግሪ እንደምትቀልጥ፥ ስትረጋም ከማዕድናቱ የትኛው ቀድሞ፥ የትኛው ተከትሎ እንደሚወለድ መመልከት ነው። እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ በፊት ቅልጡ ዐለት የሚከማችበትን ስፍራ በዐይኑ ያየ ሰው ከቶ የለም፤ ስለዚህ ወደዚያ መውረድ ያልቻለ ሰው ያንን ስፍራ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ያመጣዋል።

መሪጌታ፡- ጕድጓድ ቈፍሮ ማየት አይቻልምን?

ተማሪዋ፡- ሩስያውያን በኮላ ምድር ሞክረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. መሰርሰር ጀምረው በ1989 ዓ.ም. 12,262 ሜትር ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሙቀቱ ካሰቡት እጅግ ስለ በለጠና ዐለቱም መሰርሰሪያውን አላስኬድ ስላለ ቆሙ። ከእግራችን እስከ ምድር ማዕከል ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ነውና፥ የዚያ ሁሉ ዘመን ድካም ያስገኘው የመንገዱን ከአምስት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

መሪጌታ፡- ሙቀቱስ ይገባኛል፤ የእቶን ነገር ነውና ማንም አንጥረኛ ያውቀዋል። ግፊት የምትዪው ግን ምን ይጨምራል? ድንጋይ ከቀለጠ ቀለጠ ነው፤ በላዩ ሌላ ድንጋይ ቢጫነው ባይጫነው ምን ለውጥ አለው?

ተማሪዋ፡- እርስዎ በቆላም በደጋም ተቀምጠዋልና ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚፈጀውን ጊዜ ያስታውሱ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በላዩ የተጫነው አየር ከቆላው ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ውኃው ቶሎ ይፈላል፥ ባቄላው ግን ይዘገያል። እንግዲህ የአየር ክብደት በጥቂቱ ሲለዋወጥ ይህን ያህል ካደረገ፥ በምድር ውስጥ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ በወረድን ቍጥር አንድ ሺሕ ባር፥ ይኸውም በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ክብደት አንድ ሺሕ ጊዜ የሚያህል ሸክም እየተጨመረ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ይገምቱ። አብዛኛው ደረቅ ዐለት ግፊት ሲበዛበት መቅለጥን እምቢ ይላል። ውኃ ያለበት እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ግፊቱ ውኃውን እያስገደደ ወደ ቅልጡ ዐለት ውስጥ ያስገባዋል፥ ውኃ የጠጣ ዐለትም ከደረቁ በብዙ መቶ ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ይህንኑ ዐለት በክፍት ምድጃ ቢያቀልጡት ውኃው በንኖ ይጠፋል፤ በእጅዎ የሚቀረውም በጥልቀቱ ካለው ነገር ጋራ ዝምድናው እጅግ የራቀ ነው።

መሪጌታ፡- እንዲህ ከሆነ ልጠይቅሽ የምፈልገው ይኸው ነው። እግዚአብሔር ተራራን ያህል ነገር በአእላፍ ዓመታት በቀላይ ውስጥ የሚያደርገውን፥ እናንተ በምስር ፍሬ ላይ በአንድ ሳምንት አድርጋችሁ «እንዲህ ነው» ብትሉ ማን ያምናችኋል?

ተማሪዋ፡- የኔታ፥ ይህ ጥያቄ ከእርስዎ በፊት ከአንድ ታላቅ ሊቅ አፍ ወጥቷል። በስኮትላንድ፥ በኤዲንብራ ከተማ፥ ጄምስ ኸተን የሚባል ከ1726 እስከ 1797 የኖረ የምድር መርማሪ ነበረ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ጠቢባን በሁለት ጐራ ተከፍለው ነበር። በጀርመን አገር የፍራይበርጉ መምህር ቨርነርና ደቀ መዛሙርቱ ግራናይትንና ጥቍሩን ድንጋይ የመሰለ ዐለት ሁሉ ከጥንታዊ ባሕር ውኃ የረጋ ነው ሲሉ፥ ኸተን በበኩሉ ከውስጠ ምድር እሳት ቀልጦ የመጣ ነው ይል ነበር። የእሳት ወገን ራሱ ኸተን ሆኖ ሳለ ግን፥ በትንሽ ማቅለጫ እሳት አንድዶ የምድርን ታላቅ ግብር ለመፍረድ የሚነሣውን ሰው ይነቅፍ ነበር። ወዳጁ ሰር ጄምስ ሆል ከዚህ የተለየ ዐሳብ ነበረው፤ ነገር ግን ሽማግሌውን ላለማሳዘን ብሎ ኸተን እስኪሞት ድረስ እጁን ሰበሰበ።

መሪጌታ፡- ሆል የሚሉት ደግ ሰው ነው! የዛሬ ተማሪ ቢሆን መምህሩ ገና በወንበሩ ሳለ በአደባባይ ይሞግተው ነበር።

ተማሪዋ፡- ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ በዚህ አልስማማም። ትሕትናው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ኸተን ከሙግቱ አንዱን ታላቅ ማስረጃ ሳያይ ሞተ፤ መምህርን የሚጠቅመው ሙከራውን በፊቱ አድርጎ ማሳየት በሆነ ነበር። ለማንኛውም ሆል በ1798 የስኮትላንድን ጥቍር ድንጋይ በብረት ማቅለጫ ምድጃ አቅልጦ፥ ከፊሉን በፍጥነት ከፊሉን በዝግታ አቀዘቀዘ። በፍጥነት የቀዘቀዘው ብርጭቆ ሆነ፤ በዝግታ የቀዘቀዘው ግን ቅንጣት ያለው፥ ከተፈጥሮው ዐለት የማይለይ ድንጋይ ሆነ። ከቬሱቪየስና ከኤትና ተራራ የመጣውንም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንዲሁ አደረገው። ወደዚህ ዐሳብ የመራው ከኤዲንብራ አጠገብ ባለው በሊዝ ከተማ በአንድ የጠርሙስ ፋብሪካ የተደረገ ነገር ነው፤ በማቅለጫው ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ድንጋይ መስሎ ተገኘ፥ እንደ ገና ቀልጦ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ብርጭቆነቱ ተመለሰ። የጥልቀተ ምድር ምርመራ በቤተ ሙከራ የተጀመረው እንግዲህ ከጠርሙስ ሠሪዎች ቤት በወጣ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

መሪጌታ፡- ይህ የሙቀት ነው። ስለ ግፊት የተናገርሽውስ?

ተማሪዋ፡- ወደዚያ መምጣቴ ነው፤ ከሁሉ የምወደውም ይህን ክፍል ነው። የኸተን ተቃዋሚዎች አንድ የጠነከረ ሙግት ነበራቸው፤ «የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲገባ አየሩን ለቅቆ ኖራ ይሆናል፤ ታዲያ እብነ በረድ ከእሳት የተወለደ ነው እንዴት ይባላል?» ይሉ ነበር። ኸተንም «በጥልቀት ያለው ሸክም አየሩ እንዳይወጣ ይከለክለዋል» ብሎ መለሰ፥ ግን ማስረጃ አልነበረውም። ሆል የጠመንጃ አፈሙዝ ወሰደ፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በሸክላ ቧንቧ አድርጎ በአፈሙዙ ውስጥ አስገባ፤ አፉንም ከቢስሙት፥ ከእርሳስና ከቆርቆሮ በተቀየጠ፥ በቀላሉ በሚቀልጥ ማዕድን ደፈነ፤ ዱቄቱ ያለበትን ጫፍ በእቶን፥ የተደፈነውን ጫፍ ከእቶኑ ውጭ በቀዝቃዛ ስፍራ አደረገ። ብዙው አፈሙዝ ፈነዳ፤ ብዙው ተነፈሰ፤ የቀለጠው መድፈኛ ራሱ በሙቀት እየሰፋ ብረቱን ቢሰነጥቅበት በውስጡ ጥቂት አየር እያስቀረ የሚለጠጥበት ቦታ ሰጠው። እንዲህ እያደረገ ከ500 በላይ ሙከራ ሠራና በ1805 ውጤቱን ለኤዲንብራ ንጉሣዊ ማኅበር አነበበ፤ ከተሰበሩት አፈሙዞች መካከል አየሩን ሳይለቅ እብነ በረድ የሆነ የኖራ ድንጋይ ተገኝቶ ነበር።

መሪጌታ፡- እንግዲህ ሰው ለመግደል የተሠራው ዕቃ እብነ በረድ ወለደ። የዚያን ጊዜ ጠመንጃ አንጣሪ የሚያገኘው ምስጋና የለውምን?

ተማሪዋ፡- አለው እንጂ፤ እኔስ ከዚህ የበለጠ እላለሁ። የዚህን ትምህርት ታሪክ መጻሕፍት የሚጽፉት በዐሳብ አፍላቂዎቹ ስም ነው፤ እኔ ግን ዕቃዎቹን ስመለከት፥ ዕውቀቱ አንድ እርምጃ የተራመደው ሁልጊዜ ብረት አንድ እርምጃ ከተራመደ በኋላ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሆል ያሰበውን ሁሉ ያልፈጸመው አእምሮ ስላነሰው ሳይሆን፥ በቀይ ትኵሳት ላይ ግፊትን የሚሸከም ብረት በዘመኑ ስላልነበረ ነው። ከእርሱ በኋላ ሥራው በሰፊው ለመቀጠል መቶ ዓመት ጠበቀ። በ1905 በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ የካርኔጊ ተቋም የጂኦፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲመሠረት ነው ዐለትን የማቅለጥ ሥራ ወግና ሥርዐት ያገኘው።

መሪጌታ፡- እነርሱስ በጠመንጃ አፈሙዝ ጀመሩን?

ተማሪዋ፡- የለም፤ ግፊቱን ለጊዜው ትተው ሙቀቱን በትክክል ለመለካት ጀመሩ፤ ይህም ብልህነት ነበር። ንጹሓን ማዕድናትን በሚዛን ቀይጠው፥ ጥቂቷን ቅይጥ በስስ ፕላቲኒየም ጠቅልለው፥ በቀጭን ሽቦ በምድጃ ውስጥ ይሰቅሏታል፤ ሙቀቱ ሲበቃ በሽቦው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፥ ሽቦው ይበጠሳል፥ ጥቅሏም ከምድጃው በታች በተቀመጠው ባዚቃ ውስጥ ወድቃ በቅጽበት ትቀዘቅዛለች።

መሪጌታ፡- ቆይ እዚህ ላይ። በእሳት ውስጥ ሳለች የነበረችውን ከቀዘቀዘች በኋላ በምን ታውቂያለሽ? የሞተውን አይቶ ስለ ሕያው መፍረድ አይሆንብሽምን?

ተማሪዋ፡- ለዚህ ነው ባዚቃው። ቅዝቃዜው ድንገተኛ ስለ ሆነ በዚያች ሰዓት ቀልጦ የነበረው ክፍል ማዕድን ለመሆን ጊዜ አጥቶ ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያች ሰዓት ረግቶ የነበረውም ማዕድን ቅርጹን እንደ ጠበቀ በብርጭቆው ውስጥ ይታያል። በአጕሊ መነጽር ሲመለከቱት የትኛው በእሳት ውስጥ እንደ ነበረ፥ የትኛው ከእሳት በኋላ እንደ መጣ ይለያል። ካናዳዊው ኖርማን ቦወን በዚህ ዘዴ ዓመታት ሠርቶ፥ ከአንድ ቅልጥ ዐለት ማዕድናት በተራ እየረጉ ሲወጡ የሚቀረው ቅልጥ እየተለወጠ እንደሚሄድ አሳየ፤ በ1928 ያወጣው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ነገር ግን የግራናይት ነገር አልሆነለትም። የግራናይት ቅልጥ ደረቅ ከሆነ እጅግ ወፍራም ስለ ሆነ፥ ለወራት በምድጃ ቢያቆዩትም ማዕድን ለመውለድ እምቢ ይላል፤ ውኃ ያስፈልገዋል፥ ውኃ ደግሞ በክፍት ምድጃ አይቀመጥም።

መሪጌታ፡- ስለዚህ ወደ ሆል አፈሙዝ ተመለሱ።

ተማሪዋ፡- ከሆል መንገድ ጋራ የሚመሳሰል መሣሪያ በ1949 ፍራንክ ተትል የሚባል የቦወን ባልደረባ አወጣ። ዕቃው ሲያዩት የሚያስገርም አይደለም። ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ወፍራም የብረት ዘንግ ነው፤ በመካከሉ እርሳስ የሚያህል ቀዳዳ ይሰረሰራል፥ ቀዳዳው ግን ከወዲያኛው ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል። የተደፈነው ጫፍ በምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ያለበት ጫፍ ከምድጃው ውጭ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ብረት ሲግል ይለሰልሳል፥ የጋለ ክዳንም ምንም ቢጠብቅ ያፈስሳል፤ ክዳኑ በቀዝቃዛው በኩል በመሆኑ ግን ችግሩ ከሥሩ ተነቀለ። በክዳኑ በኩል እንደ ክር በቀጠነ ቧንቧ ውኃ በፓምፕ ይገፋል፥ ግፊቱም ሁለት ሺሕ፥ ከዚያም በላይ ባር ይደርሳል። ዘንጉ ተራ ብረት አይደለም፤ ለከባድ ሙቀት የሚሠራ ከኮባልትና ከኒኬል ጋራ የተቀየጠ ብረት ነው፤ ተትል ከሆል የበለጠበት ዋናው ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መሪጌታ፡- ድንጋዩስ በዚያ ውኃ ውስጥ ተበትኖ አይጠፋምን?

ተማሪዋ፡- ድንጋዩ በወርቅ ይታሸጋል። ጥቂት ሚሊሜትር የሚሰፋ ቀጭን የወርቅ ቧንቧ ወስደን አንዱን ጫፍ በእሳት ብልጭታ እንበይደዋለን፤ የድንጋዩን ዱቄትና የተመዘነ የውኃ ጠብታ እንጨምርበታለን፤ ከዚያም ውኃው በብየዳው ትኵሳት እንዳይበንን የታችኛውን ክፍል በእርጥብ ነገር ጠቅልለን ሌላውን ጫፍ እንዘጋለን። ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ የውጭው ውኃ ሲጨምቀው ግፊቱን ሳያስቀር ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ብዙ ነገርም አይነካውም፤ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ነውና ለአብዛኛው የግራናይት ሥራ ይበቃል። የታሸገችውን የወርቅ እንክብል በሚዛን እንመዝናታለን፥ በሞቀ ምድጃ ጥቂት አቆይተን እንደ ገና እንመዝናታለን፤ ቀልላ ከተገኘች ብየዳው ቀዳዳ አለበትና እንጥላታለን። ከሙከራው በኋላም እንደዚሁ ትመዘናለች። በጽሕፈት ውስጥ አንድ መስመር የማይሞላ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሙከራው መታመኑና አለመታመኑ በዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ነው።

መሪጌታ፡- የተገኘውስ ፍርድ ምንድር ነው? እሳት ወይስ ውኃ?

ተማሪዋ፡- ተትልና ቦወን ሥራቸውን ያወጡት በ1958 ነው፤ ቦወን ግን በ1956 ዐርፎ ነበርና መጽሐፉን አላየውም። የተገኘው ነገር ይህ ነው፦ የግራናይት ማዕድናት ደርቀው ሳሉ ለመቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ሲፈልጉ፥ በ2,000 ባር ግፊት ውኃ ሲጠግቡ ግን ከ700 ዲግሪ በታች ይቀልጣሉ፤ በዚያ ግፊት ቅልጡ ከክብደቱ ከመቶ ስድስት እጅ የሚያህል ውኃ በውስጡ ይይዛል። ደግሞም በብዙ አገር የተሰበሰበው የግራናይት ቅመም ሲመረመር፥ በዕቃው ውስጥ መጨረሻ ላይ ከሚቀረው፥ በዝቅተኛ ሙቀት ከሚቀልጠው ቅልጥ ጋራ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ኸተን ስለ እሳት የተናገረው እውነት ሆነ፤ ነገር ግን እሳቱ ያለ ውኃ ሥራውን የሚፈጽም አይደለም።

መሪጌታ፡- በእኛ ትምህርት እሳትና ውኃ ከአራቱ ባሕርያት ሁለቱ ናቸው፤ ጠበኞች ሆነው ሳሉ ፈጣሪ በአንድ ሥጋ አስማምቶ ያኖራቸዋል እንላለን። እናንተ ይህን በዘንግ ቀዳዳ ውስጥ አያችሁት። ይሁንና በአንድ ነገር አልረካሁም። ሕጉ አንድ ምስክር አይቀበልም፤ የእናንተ ምስክር ማን ነው?

ተማሪዋ፡- ምስክሩ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከተለያየ መንገድ መምጣት አለባቸው። አንዷን እንክብል ከማዕድን ጀምሬ እያሞቅሁ በ700 ዲግሪ አቆማታለሁ፤ ሌላዪቱን አስቀድሜ ፈጽሜ አቅልጬ ብርጭቆ ካደረግኋት በኋላ እያቀዘቀዝሁ በዚያው በ700 ዲግሪ አቆማታለሁ። ሁለቱ አንድ ሆነው ከተገኙ ዐለቱ በዚያ ሙቀትና ግፊት የሚወድደውን ተናግሯል ማለት ነው፤ ከተለያዩ ግን አንዷ ጊዜ አንሷታል፥ ፍርዱም ይቈያል። አጭር ሙከራ ሰዓታት፥ ረጅሙ ሳምንታትን ይወስዳል። ሁለቱን መንገድ ሳያደርግ በአንዱ ብቻ ውጤት የሚያትም ሰው በዘመናችን ብዙ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ቍጥሩን በእርሳስ እጽፈዋለሁ እንጂ በቀለም አልጽፈውም።

መሪጌታ፡- ይህ የጉባኤ ቤት ወግ ነው፤ ደስ አሰኘኝ። ዕቃው ራሱስ አይዋሽምን?

ተማሪዋ፡- ይዋሻል እንጂ። ወርቅ የማይችለው ሙቀት ሲመጣ ፕላቲኒየም እንወስዳለን፤ ፕላቲኒየም ደግሞ ብረት ይወድዳልና ጥቍር ድንጋይ ሲገባበት ብረቱን ከዐለቱ እየመጠጠ ወደ ራሱ ያስገባል፤ በመጨረሻ የምንመረምረው ያስገባነውን ዐለት ሳይሆን የተሰረቀውን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ግራፋይት፥ አንዳንዱ ከፓላዲየም ጋራ የተቀየጠ ወርቅ ይጠቀማል። የኦክሲጂን ነገርም አለ፤ ብረት ያለበት ዐለት ጥቂት ወይም ብዙ ኦክሲጂን በማግኘቱ የሚወልደው ማዕድን ይለያያል። ሃንስ ኦይግስተር በ1957 ለዚህ እጅግ ያማረ ዘዴ አወጣ። ሃይድሮጂን በጋለ ፕላቲኒየም ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ዐለቱን በፕላቲኒየም አሽጎ፥ ያንን ደግሞ በትልቅ የወርቅ እንክብል ውስጥ አድርጎ፥ በሁለቱ መካከል ለምሳሌ ኒኬልና የኒኬል ዝገትን ከውኃ ጋራ ጨመረ። የውጭው ቅይጥ የሃይድሮጂኑን መጠን ይወስናል፥ ሃይድሮጂኑም ግድግዳውን አልፎ የውስጡን ኦክሲጂን ይገዛል። ይህን ስመለከት እውነቱን ልንገርዎ፥ ከቅኔ ቤት የወጣ ዐሳብ ይመስለኛል።

መሪጌታ፡- ቅኔ አይደለም፤ ግን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይወድደዋል። አሁን ደግሞ ከዚህ ጠልቆ የሚወርደውን ንገሪኝ፤ ሁለት ሺሕ ባር የሰባትና የስምንት ኪሎ ሜትር ነገር ነው ብለሽኛልና።

ተማሪዋ፡- ከዚያ በታች ውኃና ጋዝ ይቀርና በጠጣር ነገር መጭመቅ ይመጣል። የዚህ አባት በሃርቫርድ የነበረው ፐርሲ ብሪጅማን ነው፤ በ1946 የኖቤልን ሽልማት ያገኘ። እርሱ ያወጣው መድፈኛ፥ የውስጡ ግፊት በበረታ መጠን እርሱም ይበልጥ የሚጠብቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከእርሱ በፊት ግፊት ሲጨምር መድፈኛ ያፈስስ ነበር፥ በእርሱ ግን ጠላት ራሱ ዘበኛ ሆነ። በ1960 ደግሞ ቦይድና ኢንግላንድ በዋሽንግተኑ ቤተ ሙከራ ፒስተንና ሲሊንደር ያለውን መጭመቂያ ለዐለት ሥራ አበጁት። ትልቅ የዘይት መጭመቂያ ትንሽ ፒስተን ይገፋል፤ የሰፊው ኀይል በጠባቡ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ በአሥር ሺሕ ባር የሚቈጠር ይሆናል፥ ይኸውም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ነው። በመካከሉ ትንሽ የግራፋይት ቧንቧ አለ፤ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እቶን ይሆናል፤ ዙሪያው በጨውና በብርጭቆ ተከብቧል፤ ሲሊንደሩ ከተንግስተን ካርባይድ ተሠርቶ እንዳይሰነጠቅ በብረት ቀለበቶች ታንቋል። ሙቀቱን የሚነግረን ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም የተሠራ ቴርሞኮፕል የሚባል ጥንድ ሽቦ ነው። ጥቍሩ ድንጋይ ከጥልቁ ዐለት በከፊል መቅለጥ እንዴት እንደሚወጣ የተማርነው ከዚህ ዕቃ ነው።

መሪጌታ፡- ከዚህስ የባሰ አለ?

ተማሪዋ፡- ጃፓኖች ያሻሻሉት፥ ስምንት ኵብ ዐለቱን በየማዕዘኑ የሚጨምቁበት ዕቃ አለ። በሁለት አልማዝ ጫፍ መካከል አቧራ የምታህል ነገር የሚጨመቅበትም አለ፤ በ1958 ገደማ በአሜሪካ የመለኪያ መሥሪያ ቤት ሲሠራ መንግሥት ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች የወረሰው አልማዝ ነበር ያገለገለው። በዚህ ዕቃ እስከ ምድር ማዕከል ያለው ግፊት ይደረሳል። ወጣቶች ሁሉ የሚሮጡት ወደዚህ ነው፤ ቍጥሩ ያስደንቃልና። የእኔ ፍርድ ግን ሌላ ነው፤ ሰውን የሚያሳድደው፥ ከተማን በአመድ የሚቀብረው ቅልጥ ዐለት አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ከጥቂት ኪሎ ሜትር እስከ ዐሥር፥ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ባለው ጥልቀት ነው፤ የዚያ መመርመሪያ ደግሞ ያ የተናቀው የተትል ዘንግና ቤተ ዘመዱ ነው።

መሪጌታ፡- ይህ ነገር ለእኛ አገር ምን ይፈይዳል? ወይስ የባዕድ ጨዋታ ብቻ ነው?

ተማሪዋ፡- በመስከረም 1998 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በአፋር በዳባሁ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች፥ በአንዳንድ ስፍራም እስከ ስምንት ሜትር ተራራቀች፤ በስንጥቁም ቅልጥ ዐለት ገባ። በስምጥ ሸለቆአችን ፈንታሌ፥ ገደምሳ፥ አሉቶና ኮርቤቲ ሶዲየም የበዛበት፥ ባልጩት የሚወልድ እሳተ ገሞራ ናቸው። ከነዚህ የአንዱን ድንጋይ ወስደን፥ በልዩ ልዩ ግፊትና የውኃ መጠን አቅልጠን፥ በተፈጥሮው ድንጋይ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በዚያው ቅመም የሚወለዱበትን ሁኔታ ስናገኝ፥ ማጠራቀሚያው በስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት፥ በስንት ዲግሪ ሙቀት፥ ስንት ውኃ ይዞ እንደ ነበረ እናውቃለን። አሉቶ ከሥሩ ባለው ሙቀት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተቈፈረበት ስፍራ ነውና ይህ ዕውቀት ለመብራትም ለሕዝብ ደኅንነትም የሚያገለግል ነው።

መሪጌታ፡- እንግዲያስ እዚሁ ለምን አይሠራም? ያ ዘንግ ስንት ያወጣል?

ተማሪዋ፡- የአልማዙና የትልቁ መጭመቂያ ዋጋ የከበደ ነው፤ ዘንጉ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ቀላል ነው። የሚያስፈልገው ልዩ ቅይጥ ብረት፥ ፓምፕ፥ ትንሽ ምድጃ፥ ጥቂት ወርቅ፥ ከሁሉም በላይ በቶርኖ ላይ የክዳኑን ሾጣጣ ከአፉ ጋራ እንከን በሌለው አኳኋን የሚያገጣጥም እጅ ነው። የምድር ሳይንስ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪን በካርታና በመዶሻ ብቻ ሳይሆን በቶርኖ ቤት በራፍ እንዲያልፍ ቢያደርጉ፥ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኀላፊዎችም ከእነርሱ ጋራ ቢነጋገሩ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ መጀመር ይቻላል።

መሪጌታ፡- አደጋውስ? የሆል አፈሙዝ ይፈነዳ እንደ ነበረ ነግረሽኛል።

ተማሪዋ፡- እውነት ነው፤ እነዚህን ዘንጎች የሚሠሩባቸው ሰዎች ራሳቸው «ቦምብ» ይሏቸዋል። ውኃ ሲጨመቅ እምብዛም አያንስም፥ ስለዚህ ዕቃው ቢሰነጠቅ ኀይሉ ቶሎ ይበርዳል፤ የተጨመቀ ጋዝ ግን ብዙ ኀይል አምቆ ስለሚይዝ ሲፈታ እንደ መድፍ ነው። ለዚህ ነው ለጀማሪ በውኃ መጀመር የሚበጀው፤ ብረቱም በሙቀት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለጠጣልና በየጊዜው ስፋቱ መለካት፥ ዕድሜው ሲያልቅም ያለ ሐዘን መጣል አለበት። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚነሣ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው፦ ዘንጉን ከመግዛቱ አስቀድሞ ምድጃውን ከሠራተኛው የሚለየውን ወፍራም የብረት ግድግዳ ያሠራ፤ ፓምፑንም ከግድግዳው ወዲህ ያድርገው።